የቁርጥ ክፍያ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ የማስተካክለው ነገር አለ?

ቁም_ሳጥን (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የቤትና የቢሮ ዕቃ የምንሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። እኔን ጨምሮ 14 ነን፦ ሁለት ቆራጮች መቁረጫ ማሽን ላይ፣ አምስት ገጣጣሚዎች፣ ሦስት አለስላሾች፣ ሁለት ቀለምና ቫርኒሽ ቀቢዎች፣ ትእዛዝ እየተቀበለች ሂሳብም የምትይዝ አንዲት ልጅ። ልክ መውሰድ፣ ዋጋ መንገር፣ ዕቃ መግዛት፣ ንድፍ ማጽደቅ፣ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ የኔ ድርሻ ነው።

ትእዛዝ አልቸገረኝም። የቸገረኝ ሥራው አለመውጣቱ ነው። በቀጠሮው ቀን የምናስረክበው ከስንት አንዱን ነው። ያስረከብነውም አርፎ አይቀመጥም፤ መሳቢያው አይገባም፣ በሩ አይገጥምም፣ ቀለሙ ተላጠ ተብሎ ተመልሶ ይመጣና አዲሱን ሥራ ያስቆማል። ጠዋት ስገባ ሁሉም ተፍ ተፍ ይላል። ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ግማሹን ቆሞ፣ ግማሹን ስልክ ሲነካካ አገኘዋለሁ። "ምነው?" ስል መልሱ አንድ ነው፦ "አንተን እየጠበቅን።" አንዳንዴ ደሜ ይፈላል።

በዚህ ላይ ከገጣጣሚዎቹ ዋናው፣ እጁ የተባረከው፣ በቅርቡ ለቀቀብኝ። የሄደበት ቤት የሚከፍለው ከኔ እምብዛም አይበልጥም። ምን ጎደለብህ ብለው "እዚያ ሥራው ይታወቃል" ብሎኝ ሄደ። ምን ለማለት እንደፈለገ እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው።

አሁን ሁለት ሐሳብ ይዣለሁ። አንደኛው የወር ደሞዙን ትቼ በቁርጥ መክፈል ነው፤ ጠረጴዛ ይሄን ያህል፣ ቁም ሳጥን ይሄን ያህል እያልኩ በሠሩት ልክ። ሁለተኛውን ያመጣው ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ወዳጄ ነው። "መጀመሪያ የሰው ኃይል አስተዳደርህን አስተካክል" አለኝና የሥራ መደብ መዘርዝር፣ የአፈጻጸም ምዘና፣ የዲሲፕሊን መመሪያ የያዘ ጥራዝ ላከልኝ። ምዘናው ብቻ ስምንት ገጽ ነው። ለ13 ሰው!

እውነቱን ንገሩኝ። ሰውን በሥርዓት ማስተዳደር የሚባለው ነገር እንደኛ ባለ ትንሽ ቤት ውስጥ ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል? ወይስ የትልልቆቹ ወሬ ነው? ካመጣስ በምን ልጀምር?

ቀጥ_በል

ወንድሜ፣ ነገሩን አታወሳስበው። ሰው ካልተጠበቀ አይሠራም። ካሜራ ግጠም፤ ካረፈደው ቁረጥ፣ ያበላሸውን አስከፍለው። ጎበዙን መያዝ ከፈለግህ ደግሞ ገንዘብ ጨምር። የመኪና አምራቹ ፎርድ እንኳ ሠራተኛ የረጋለት እ.ኤ.አ. በ1914 የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ሲያደርሰው ነው። ፎርም መሙላት ሥራ ለሌለው መሥሪያ ቤት ነው። በቁርጥ አድርገውና ተገላገል።

የድሮ_ፎርማን

ሰላም ቁም_ሳጥን። እኔ የእንጨት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ በአለስላሽነት ጀምሬ ፎርማን ሆኜ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን እንዳንተ ያሉ ትንንሽ ወርክሾፖች እየጠሩኝ "ሥራው ለምን አይወጣም?" ለሚለው መልስ እፈልግላቸዋለሁ። ስለዚህ ጥያቄህ ለኔ የዕለት እንጀራዬ ነው፤ ትንሽ ብረዝም ታገሰኝ።

መጀመሪያ ለቀጥ_በል። ፎርድን ካነሳህ ሙሉውን እናንሳው። እ.ኤ.አ. በ1913 የዚያ ፋብሪካ የሠራተኛ ፍልሰት 370 በመቶ ገደማ ነበር፤ አንድን የሥራ ቦታ ሞልቶ ለማቆየት በዓመት ከሦስት ሰው በላይ ይቀጠር ነበር ማለት ነው። ሰው የሚሸሸው መኪናው በሠራተኛው ፊት እያለፈ የሚገጠምበትን አዲሱን ተንቀሳቃሽ መስመር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አንድ ነገር መሥራት ያሰለቻል። ክፍያው ያንን ምሬት ለማስቻል የተጨመረ ነው፤ የሥራ ቀኑም ከ9 ሰዓት ወደ 8 አጥሯል። እንግዲህ የፎርድ ሠራተኛ መስመሩን ይጥላው እንጂ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣለት ያውቅ ነበር። እዚህ ቤት የጎደለው እሱ ነው። የለቀቀውም ልጅ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አሁን ወደ መሳቢያህ። "መሳቢያው አይገባም" ብለህ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰህ አለፍክ፤ እኔ ግን የቤትህን ችግር እዚያ ውስጥ አየሁት። መሳቢያው የሚንሸራተትበት፣ ጎን ላይ የሚገጠመው የተለመደው የኳስ መሽከርከሪያ ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 13 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋል። ከሥር የሚገጠመው ዓይነት ደግሞ ልኩ ሌላ ነው። እና ገጣጣሚህ የመሳቢያውን ሣጥን ሲሠራ የትኛው ሐዲድ እንደሚመጣ ያውቃል? እንደነገርከን ዕቃ የምትገዛው አንተ ነህ፣ የምትገዛውም ሥራው ከተጀመረ በኋላ ይመስለኛል። ልጁ ባለፈው የነበረውን አስቦ ይሠራል፣ አንተ ገበያ ላይ የተገኘውን ይዘህ ትመጣለህ፣ መሳቢያው ይጠባል። ከዚያ ይፈታል፣ ይላጋል፣ ቀለሙ ይነካል፣ ቀቢው እንደገና ይቀባል። እንዲህ ላለው ነገር ካሜራ ምን ያደርግልሃል? ሰዎች ሲጠብቁህ ቁልጭ አድርጎ ይቀርጽልሃል።

ስንፍና የለም አላልኩም። ሰነፍ አውቃለሁ፣ አሰናብቼም አውቃለሁ። ነገር ግን ሰው ጥሩ እንዲሠራ መቻል አለበት፣ መፈለግ አለበት፣ ደግሞም እንዲሠራ የሚያስችለው ሁኔታ መኖር አለበት። የትንሽ ቤት ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያዩት ሁለተኛውን ነው፦ "አይፈልጉም!" እኔ በገባሁባቸው ቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። ንድፉ አልመጣም፣ ኮላው አልቋል፣ ማጠፊያው አልተገዛም፣ የሁለቱ ትእዛዝ የትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀው አለቃው ብቻ ነው፣ አለቃው ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ከማንኛውም ክፍያ በፊት ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ካርድ አውጣ። ወፍራም ወረቀት ይበቃል። ልኩ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የሐዲዱና የማጠፊያው ዓይነት፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የማስረከቢያው ቀን ይጻፍበት፤ ከሥር ቆራጩ፣ ገጣጣሚው፣ አለስላሹና ቀቢው ሥራውን ተቀብለው ሲጨርሱ የሚፈርሙበት መስመር ይኑረው። ካርዱ ካልሞላ ማሽኑ ላይ አይወጣም። በቃ። ይቺ ካርድ ከወዳጅህ ጥራዝ ውስጥ የሥራ መደብ መዘርዝር የሚባለውን ትተካልሃለች፤ ማን ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚያስረክብ ታሳያለችና። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ስቀልና ሥራ በቆመ ቁጥር ያቆመውን ነገር ራሳቸው ይጻፉ። የሰው ስም ግን አይጻፍ፣ ምክንያት ብቻ። ስም ካስጻፍክ በማግስቱ የሚጽፍ አታገኝም።

አሁን የቁርጥ ክፍያው። አትጀምረው አልልህም፤ ግን የት እንደሠራ እይ። በጣም የታወቀው ምሳሌ ሴፍላይት የሚባለው የአሜሪካ የመኪና መስታወት ቀያሪ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 እና 1995 ከሰዓት ክፍያ ወደ ቁርጥ ክፍያ ሲዛወር ኤድዋርድ ላዚር የተባለው ኢኮኖሚስት ተከታትሎታል። የአንድ ሠራተኛ ውጤት በአማካይ 44 በመቶ አደገ። ይሄንን ቁጥር ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል። ከሥሩ ያለውን የሚጠቅሰው ግን ጥቂት ነው፤ ከዕድገቱ ግማሽ የሚሆነው ብቻ ነው ያው ሠራተኛ የበለጠ በመሥራቱ የመጣው። የቀረው በአብዛኛው ጎበዞቹ በመቆየታቸውና አዳዲስ ጎበዞች በመምጣታቸው ነው። ደሞዝም የቀረ አይደለም፤ የሠራተኛው ገቢ ከድሮው እንዳይወርድ ዝቅተኛው መጠን ዋስትና ነበረው።

ከሁሉ በላይ ግን የሥራውን ጠባይ ተመልከት። አንድ ሰው፣ አንድ መኪና፣ አንድ መስታወት። ብዛቱን የሚቆጥር ጥሩ የኮምፒውተር ሥርዓት ነበራቸው። በአሠራር ጉድለት መስታወቱ ቢሰበር የማን ሥራ እንደሆነ ይታወቃል፤ ያ ሰው ራሱ በነጻ ይደግመዋል። ያንተ ቁም ሳጥን ግን በአራት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ቀለሙ ሲላጥ ጥፋቱ የማን ነው? አቧራውን ሳይጠርግ ያስተላለፈው አለስላሽ? የመጀመሪያው ቅብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን የደረበው ቀቢ? ወይስ ነገ ይደርሳል ብለህ ለደንበኛ ቃል የገባኸው አንተ? ይሄ ሳይለይ በቁጥር ከከፈልክ ቀቢው በጊዜ ላይ ጊዜ ይቆጥባል፤ የሚቆጥበው ደግሞ ከማድረቂያው ሰዓት ላይ ነው። ገጣጣሚዎቹም ቀላሉን ጠረጴዛ ይሻሙና ያ አስቸጋሪው የማዕዘን ቁም ሳጥን ባለቤት አጥቶ ጥግ ይይዛል።

"ያበላሸውን አስከፍለው" ለሚለውም፣ ከደሞዝ ላይ በገዛ ፈቃድ መቁረጥ በብዙ አገር ሕግ የታጠረ ነው። ከሕጉም ባሻገር፣ ሰው እንደሚቆረጥበት ካወቀ ጉድለቱን ይሸፍናል። የተሰነጠቀውን በኮላና በመጋዝ ዱቄት ሞልቶ ይቀባዋል፤ ስንጥቁን የሚያገኘው ደንበኛው ነው።

ስምንቱን ገጽ ምዘና መልስለት። እሱን ተክተህ ከእያንዳንዳቸው ጋር በየጊዜው፣ ቀኑ ታውቆ፣ ለብቻ ተቀመጥ። ረጅም መሆን የለበትም። ምን አቆመህ? ምን ቢሟላልህ ይፈጥናል? ምን መማር ትፈልጋለህ? ከዚያ አንተም ያየኸውን በግልጽ ትነግረዋለህ፤ "መሳቢያህ ንጹሕ ነው፣ በር ላይ ግን ማጠፊያው ይዘቀዝቅብሃል" ብለህ፣ ዕቃው አጠገብ ቆመህ። ዓመት ጠብቆ ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት የሚያስፈልገው አለቃው የሠራተኛውን ሥራ በዓይኑ ለማያይበት ቤት ነው። አንተ 13 ሰው ነው ያለህ፣ ሁሉንም በስም ታውቃለህ።

የለቀቀው ልጅ ምን ማለቱ ነው ላልከው፣ ሁለት ነገር ይመስለኛል፦ ጠዋት ሲገባ የሚሠራው ይታወቃል፣ ማታ ሲወጣ የሠራው ይታወቅለታል። ግን እኔ ከምገምት ደውለህ ጠይቀው። የለቀቀ ሰው የሚፈራው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይነግርሃል።

መርፌና_ክር

እኔ ልብስ ስፌት ነው ያለኝ፤ የቁርጥ ክፍያን ኖሬበታለሁ። ቀጥ ላለ ሥራ፣ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም በብዛት ሲሆን፣ እጅግ በጣም ያፈጥናል። ናሙና ሲሆን ወይም ደንበኛው ልኩን ሲለዋውጥ ግን ጭቅጭቅ ብቻ ነው የተረፈኝ። ደግሞ ማንም የማይነግርህ አንድ ነገር አለ፦ በቁርጥ የሚከፈለው ባለሙያ አዲስ ልጅ አያስተምርም። ምን በወጣው? እያስተማረ የሚያጠፋው ሰዓት ከኪሱ ነው። እኛ ጋ አዲስ የገቡት ልጆች ሲጠይቁ ሁሉም ፊቱን ማዞር ሲጀምር ነው የነቃሁት። አሁን ለምታስተምረዋ ባለሙያ ያንን ሰዓት ለብቻ እከፍላታለሁ። ገጣጣሚ ለቆብህ አዲስ ልትቀጥር ከሆነ ይሄን አስብበት።

ተጠራጣሪ

የሁላችሁንም አንብቤ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ጠያቂው "ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ?" ብሎ ቀጥታ ጠይቋል፤ መልሱ ደግሞ ሰዎች እንደሚሉት ቀላል አይደለም።

"ጥሩ የሰው አስተዳደር ያላቸው ድርጅቶች የበለጠ ያተርፋሉ" የሚሉ ጥናቶች ሞልተዋል። ችግሩ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አለመለየታቸው ነው። ያተረፈ ቤት ሥልጠናም ይሰጣል፣ ቦነስም ይከፍላል፣ ሰውም ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዴቪድ ጌስትና ባልደረቦቹ በብሪታኒያ በ366 ኩባንያዎች ላይ ያወጡት ሥራ ይሄንኑ ያሳያል። የሰው አስተዳደር አሠራሮችን በብዛት የሚጠቀሙት የበለጠ አትራፊ ሆነው ተገኙ፤ ነገር ግን የቀደሙት ዓመታት ትርፍ ከግምት ሲገባ ግንኙነቱ ጠፋ። ስለዚህ ወዳጅህ ያን ጥራዝ የላከልህ ትልቅ ድርጅቱ እሱን ስለሚጠቀም አትርፏል ብሎ ከሆነ፣ ተገላቢጦሹም ሊሆን ይችላል።

ይሄን ጥርጣሬ በደንብ የፈተነው በሕንድ፣ በሙምባይ አካባቢ ባሉ የጥጥ ጨርቅ ሸማኔ ፋብሪካዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ኒኮላስ ብሉምና ጓደኞቹ 17 ድርጅቶችን ይዘው በዕጣ ከፋፈሏቸው፤ ለአንደኛው ወገን አማካሪ መደቡላቸው፣ ሌላኛውን ለማነጻጸሪያ ተዉት። አማካሪዎቹ የሠሩት ተአምር አልነበረም፦ ጉድለትን በየቀኑ መመዝገብ፣ የክር መጋዘኑን ማስተካከል፣ ማሽን ሳይሰበር መጠገን፣ የማንን ሥራ ማን እንደሚሠራ መለየት፣ በውጤት ላይ ተመሥርቶ ማበረታታት። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው ውጤት መሠረት ምርታማነት በመጀመሪያው ዓመት 17 በመቶ ጨመረ። ባለቤቶቹም ቀድሞ ለማንም የማይለቁትን ውሳኔ ለሥራ አስኪያጆቻቸው መልቀቅ ጀመሩ፤ መዝገቡ ሲኖር እዚያው ሳይቆሙም ማየት ይችላሉና።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ እነዚያ ድርጅቶች በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያላቸው ነበሩ፤ 17 በመቶውን ቀጥታ ወደ 14 ሰው ወርክሾፕ ማምጣት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ካስገቧቸው አሠራሮች ግማሽ ያህሉ ተትተው አገኟቸው። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች መካከል የሥራ አስኪያጁ መቀየርና ባለቤቱ ጊዜ ማጣቱ ይገኙበታል። እንዲያም ሆኖ ከማነጻጸሪያዎቹ በልጠው ነው የተገኙት። ስለዚህ የድሮ_ፎርማን ያለችው ካርድና ሰሌዳ ጥሩ ነው፤ ጥያቄዬ ግን ከወራት በኋላ ባለቤቱ ሲጣደፍ ማን ይይዘዋል የሚለው ነው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ የዛሬውን መዝግብ፦ በቀጠሮ የወጣው ስንት ነው፣ የተመለሰውስ? ያለዚያ ለውጥ መጣ አልመጣ የምትከራከረው በስሜት ነው።

ቁም_ሳጥን (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዘግይቼ የመለስኩት ሞክሬው ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ካርዱን አወጣን፣ ሰሌዳውንም ሰቀልን። መጀመሪያ ማንም አልጻፈም። ከዚያ ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ "የቀለም ቁጥር ስላልመጣ" ብላ ራሷ ጀመረችው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። አሁን ሰሌዳው ላይ ካለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሳኔ መጠበቅ ነው፤ የትኛው ይቅደም፣ ይሄ እንጨት ጉድለት አለው እንጠቀምበት ወይ፣ ደንበኛው እጀታ ቀየረ ወይ። ቀጥሎ ያልተገዛ ዕቃ። የማሽን ብልሽት ጥቂት። "ሠራተኛ ስለቀረ" የሚል ከስንት አንዴ ነው። ሐዲድን በተመለከተ፣ አሁን ካርዱ ላይ የተጻፈው ዓይነት ሳይገዛ መሳቢያ አይቆረጥም፤ የመሳቢያ ተመላሽ ቀንሷል። የቀለሙ ግን እንዳለ ነው።

ለልጁም ደወልኩለት። የድሮ_ፎርማን ካለችው ብዙም አልራቀም፤ "የጀመርኩትን ሳልጨርስ ወደ ሌላ ታዞረኝ ነበር" አለኝ። አልመለስም ብሏል፤ ጥሩ ነገር ይግጠመው።

እንግዲህ ቀሪው ጥያቄ ውሳኔውን ለማን ልስጥ ነው። ሁለት ሰው አሉኝ። አንዱ ጋሼ የምንላቸው ቆራጭ ናቸው፤ በዕድሜም በልምድም ከሁላችን ይበልጣሉ፣ ሁሉም ያከብራቸዋል፣ ንድፍ ማንበብ ላይ ግን ብዙም አይደሉም። ሌላው ወጣት ገጣጣሚ ነው፤ ንድፍ እንደ ውሃ ይጠጣል፣ ነገር ግን ትልልቆቹን ማዘዝ ያፍራል። ደግሞም አዲስ ገጣጣሚ መቅጠር አለብኝ፤ ባለፈው የቀጠርኩት ሲያወራ ሌላ፣ ሲሠራ ሌላ ሆነብኝ። የክፍያውንም ነገር አልተውኩትም።

የድሮ_ፎርማን

ደስ ሲል! ቀለሙ እንዳለ መሆኑ አልገረመኝም፤ እሱ የካርድ ጉዳይ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

ውሳኔውን "ለማን" ከማለትህ በፊት "የትኛውን" በል። ሰሌዳህ ራሱ ከፋፍሎልሃል። እንጨቱ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለጋሼ ስጣቸው፤ እሳቸው ካሉ የሚከራከር የለም። የሥራ ቅደም ተከተልና ንድፍን ለወጣቱ። ማዘዙን የሚያቀልለት ቅደም ተከተሉ ከጠዋቱ ሰሌዳ ላይ መጻፉ ነው፤ "እንዲህ ሥሩ" ማለት አይጠበቅበትም፣ ሁሉም ያነበዋል። ሹመቱን ግን አንተ ሁሉም ባሉበት ተናገር፣ ጋሼንም አስቀድመህ ለብቻቸው አማክራቸው። በሰው ፊት ድንገት ከሰሙት ቅር ይላቸዋል፤ እሳቸው ቅር ካላቸው ልጁ አበቃለት። ደግሞ ገደብ አብጅለት፦ ደንበኛን የሚነካ ወይም ተጨማሪ ወጪ የሚያስከትል ከሆነ ይደውልልህ፣ ከዚያ በታች ያለውን ይወስን። ከወሰነ በኋላ ስትመጣ ሰው ፊት አትሻርበት። ባትስማማም ዕቃው ይውጣ፣ ለብቻው ንገረው። አንድ ጊዜ ከሻርከው ሁሉም ተመልሶ አንተን መጠበቅ ይጀምራል።

ተጠራጣሪ ማን ይይዘዋል ላለው፣ ትእዛዝ የምትቀበለው ልጅ። ሰሌዳውን ማንም ሳያዛት የጀመረችው እሷ ናት። በሳምንቱ መጨረሻ በቀጠሮ የወጣውን፣ ያልወጣውንና የተመለሰውን ትጻፍ። ሥራዋ ጨመረ ማለት ነውና ደሞዟንም አስብላት፤ "አንቺ ጎበዝ ነሽ" ብቻ አይበቃም።

ቅጥሩ። ወሬውን ተወው። የመሳቢያ ሣጥን ንድፍና የተቆረጠ እንጨት ስጠው፣ ይሥራልህ፣ ለሰዓቱም ክፈለው። ለሚመጡት ሁሉ ያንኑ ንድፍ ስጥ፤ ያለዚያ ማወዳደር አትችልም። እኔ ከሣጥኑ በላይ የማየው ንድፉ ላይ የጎደለ ልክ ሲያጋጥመው የሚያደርገውን ነው። አንድ ልክ ሆን ብዬ አጠፋለሁ። የሚጠይቅ አለ፣ ዝም ብሎ የሚገምት አለ። ገማቹ የቱንም ያህል እጁ ቢፈጥን አልወስደውም። ቃለ መጠይቅም ካደረግህ ጥያቄዎቹን አስቀድመህ ጻፍና ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርግ። በዘፈቀደ ከሚደረግ ጨዋታ ይልቅ እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ ሥራውን የሚችለውን ሰው የተሻለ እንደሚያሳይ በቅጥር ላይ የተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ አግኝተውታል።

ክፍያው እንግዲህ። ደሞዙን አትንካ። በላዩ ላይ የጋራ ቦነስ አድርግ፤ በቀጠሮው ለወጣና ሳይመለስ ለቀረ ዕቃ ብቻ፣ ከቆራጩ እስከ ቀቢው ሁሉም የሚካፈሉት። በትልቅ ፋብሪካ የጋራ ቦነስ ይሟሟል፤ በ500 ሰው መሃል የኔ ጥረት ምን ያሳያል ይባላል። በ13 ሰው መሃል ግን ማን እንዳለገመ ሁሉም ያያል፣ አለስላሹም አቧራውን ሳይጠርግ ሲያስተላልፍ መጀመሪያ የሚጮህበት ቀቢው ነው፤ የቀለሙን ነገር በዚህ ነው የምትይዘው። የምትከፍልበት ቀን የታወቀ ይሁን፣ ስሌቱም ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። "ዘንድሮ ጥሩ ስለሠራን" ተብሎ ከኪስ የሚመዘዝ ገንዘብ ሰውን ያስደስታል እንጂ ሥራን አይለውጥም፤ ለምን እንደመጣ ማንም አያውቅማ። መርፌና_ክር ያለችውንም አትርሳ፤ አዲሱን ገጣጣሚ የሚያሠለጥነው ሰው ድርሻ ከፍ ይበል።

እና የማስረከቢያ ቀን ስትቆርጥ ቀቢዎቹን ጠይቃቸው። ቫርኒሹ በእርጥብ ወቅት እንደሚዘገይ እነሱ ያውቃሉ፤ ቀኑን ለደንበኛ የምትናገረው ግን አንተ ነህ። ካርዱ ላይ "ከቅብ በኋላ ማድረቂያ" የሚል አንድ መስመር ጨምርና ሰዓቱን እነሱ ይሙሉት፤ ቀጠሮ የምትሰጠው ከዚያ ቆጥረህ ይሁን።

ቁም_ሳጥን (ጠያቂ)

ጋሼን ነገ ጠዋት አናግራቸዋለሁ። የቦነሱን ስሌት ስጨርስ ደግሞ እዚሁ አምጥቼ አስነቅፈዋለሁ፤ ቀጥ_በልም ብትሆን ቁጥሩን እይልኝ።

ቀጥ_በል

አምጣው፣ እናየዋለን። ካሜራውን ግን ቢያንስ መጋዘኑ ላይ ግጠም።